ማን ከማን ጋር ያድራል? የሰሜን ሸዋ ቤተሰብና የጎጆ ርቀት

መንዝ የሚኖሩ አክስት አሉኝ። ሰባውን ካለፉ ሰነበቱ። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው፤ መዝገቡም እንደዚያው ይላል፦ አንድ እማወራ፣ አንድ ሰው። ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ግን ከቁልቁለቱ በታች ካለው የልጃቸው ቤት አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ደብተሯን ይዛ ትመጣለች። ራቷን እናቷ ዘንድ በልታ ነው የምትመጣው። ከአያቷ ጋር መደቡ ላይ ትተኛለች፤ ሌሊት ውሃ ካሰኛቸው ታቀብላቸዋለች። ጠዋት እሳት ታያይዛለች፣ ከቁርሱ ትቀማምሳለች፣ ከዚያ ወደ ትምህርት ቤቷ ትወርዳለች። ቆጣሪ መጥቶ «እዚህ ቤት ስንት ሰው ይኖራል?» ቢል አክስቴ «እኔው ነኝ» ነው የሚሉት። የልጅቷም እናት ብትጠየቅ ልጇን ከራሷ ቤት ትቆጥራታለች። ሁለቱም አልዋሹም። ልጅቷ በየማታው የምታልፈው ያ መቶ እርምጃ የማይሞላ መንገድ ግን የትኛውም ቅጽ ላይ አይገኝም።

ስለ ቤተሰብ ወሬ በተነሳ ቁጥር አንድ ወቀሳ እሰማለሁ፦ «ድሮ ሁሉም በአንድ ጣራ ሥር ተሰብስቦ ይኖር ነበር፤ የዛሬ ልጅ ወላጁን ጥሎ ጠፋ» የሚል። ሰሜን ሸዋን ለሚያውቅ ሰው የዚህ ወቀሳ መነሻው ልክ አይደለም። የሸዋ ደጋ ገበሬ ሦስት ትውልድ በአንድ ጣራ ሥር አጭቆ መኖርን ልማዱ አላደረገም። ልማዱ ጎጆ መውጣት ነው። ሙሽሮቹ ጥቂት ጊዜ ከወንዱ ወይም ከሴቷ ወላጆች ጋር ይከርማሉ፤ ከዚያ ከሁለቱም ወገን በሬው፣ ላሟ፣ በጉ ይሰጣቸዋል፤ ጎረቤት በደቦ ወጥቶ ጎጆውን ያቆማል። አማትና ምራት በአንድ ምጣድ ላይ ዓመታት እንዲከርሙ ማንም አይመኝም። የመጨረሻው ልጅ ብዙውን ጊዜ ከወላጆቹ ጋር ይቀራል፤ ቤቱም የእሱ ይሆናል። ጎጆ የወጣው ደግሞ ዕድር ውስጥ በስሙ ይገባል። ለእኔ አንድ ሰው ራሱን የቻለ መሆኑ ከምንም በላይ የሚታወቀው በዚህ ነው፤ ሐዘን ሲደርስበት ድንኳኑ በማን ስም ወጣ? በራሱ ነው ወይስ በአባቱ?

እንግዲህ ቤቱ ይለያይ ነበር። የማይለያየው ሰፈሩ ነበር። ልጅ ጎጆ ሲወጣ የሚወጣው የእናቱ ድምፅ ወደሚደርስበት ቦታ ነው። እሳት ሲጠፋ ፍም የሚጫረው ከዚያ ነው፤ እናት ስታምም ምራት ሁለት ምጣድ እንጀራ ጋግራ አንዱን ይዛ የምትሄደው ወደዚያ ነው። ጠዋት ከእናት ቤት ጭስ ካልታየ አንድ ሰው «ምን ሆኑ?» ብሎ ይነሳል። በሰሜን ሸዋ ሽማግሌንና ባልቴትን ሲጦር የኖረው ይህ ቅርበት ነው። ዛሬ የተናጋውም እሱ ነው። ስለዚህ ስለ ቤተሰብ የምንጨነቅ ከሆነ «ማን ከማን ጋር ይኖራል?» ከሚለው ይልቅ «ስንት እርምጃ ይራራቃሉ?» የሚለውን ብናስቀድም ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

ይህ ቅርበት በፍቅር ብቻ የቆመ አልነበረም፤ ከሥሩ መሬት ነበረበት። በመንዝና በአካባቢው ርስት በአባትም በእናትም በኩል ይወርድ ነበር። ወንዱም ሴቷም ከአቅኚ አባት መወለዳቸውን ቆጥረው ድርሻ ይጠይቃሉ። በዚህም ምክንያት አዲስ ባልና ሚስት የሚሰፍሩበትን ይመርጡ ነበር፤ የእሱ አባት ጋ መሬቱ ከጠበበ የእሷ እናት አገር አለ። ጎጆው የሚከደንበት ሳር እንኳ ከዚሁ ዘር ቆጠራ ጋር የተሳሰረ ነበር። ጓሳን የማያውቅ የመንዝ ሰው የለም። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሲጠበቅ የኖረ የውርጭ አገር ሳር ነው፤ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ተዘግቶ ይቆይና በበጋ ይከፈታል፤ የሚያጭደውም የአቅኚ አባቶቹ ዘር ነው። ጎጆ ለሚወጣ ልጅ የጣራው ክዳን ከዚያ ይመጣል። መሬቱም፣ ሳሩም፣ ጉልበቱም በአንድ የዘመድ መረብ ውስጥ ስለነበሩ ልጅ ርቆ ጎጆ የሚወጣበት ምክንያት ጥቂት ነበር።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ይህን መረብ በጠሰው። ስለ ፍትሕነቱ አልከራከርም፤ ርስት የሌለው ጭሰኛና ሸማኔ መሬት ያገኘው በዚያ ነው። ለጎጆ ወጪው ግን ትርጉሙ ሌላ ነበር። ከዚያ በኋላ መሬት የሚገኘው በገበሬ ማኅበር፣ በቤተሰብ ልክ ሆነ። የአማራ ክልል በ1989 ዓ.ም. ያካሄደው የመሬት ሽግሽግ ካለፈ በኋላ እንደዚያ ያለ ሰፊ ድልድል አልተደገመም። በዚያ ዓመት የተወለደ ልጅ ዛሬ ወደ ሠላሳው ተጠግቷል። ጎጆ ለመውጣት ያለው ዕድል ከአባቱ ይዞታ ላይ የሚቆረሰው ብቻ ነው። አባትየው ሦስት ጥማድ ካለው፣ ልጆቹ አምስት ከሆኑ፣ ስሌቱን ማንም ይሠራዋል።

በሰሜን ሸዋ ገጠር ዛሬ በጣም የሚያሳዝነኝ ሰው ከሃያ አምስት እስከ ሠላሳ አምስት ዓመት ያለው፣ አባቱ ቤት የቀረ ወንድ ልጅ ነው። በጉልበቱ ሙሉ ሰው ነው፤ የአባቱን በሬዎች ጠምዶ የሚያርሰው እሱ ነው። በዕድሩ፣ በማኅበሩ፣ በሽምግልናው ግን አሁንም «የእገሌ ልጅ» ነው። ሚስት እንዳያገባ ጎጆ የለውም፤ ጎጆ እንዳይወጣ መሬት የለውም። የ2008 ዓ.ም. የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአገር አቀፍ ደረጃ የሴቶችን የመጀመሪያ ጋብቻ መካከለኛ ዕድሜ 17.1፣ የወንዶችን 23.7 አድርጎ ነበር ያገኘው። ይህ ቁጥር ያገቡበትን ዕድሜ ይናገራል፤ ከተጋቡ በኋላ የራሳቸው ጣራ ሥር መቼ እንደገቡ ግን አይናገርም። አግብተው፣ ወልደው፣ ከወላጅ ቤት ጎን አንዲት ጠባብ ቆርቆሮ ቀጥለው የሚኖሩ ብዙ ናቸው። እነሱ ጎጆ ወጥተዋል እንበል?

ከተማው ይህን ሸክም ተቀበለ ወይ ቢባል፣ ተቀብሏል፤ ግን በክፍል በክፍል እየሸነሸነ ነው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ በአማራ ክልል ሰሜን ሸዋ ዞን 1,837,490 ሰው በ429,423 ቤተሰብ ይኖር ነበር፤ ለአንድ ቤተሰብ በአማካይ 4.28 ሰው ማለት ነው። የመኖሪያ ቤቱ ቁጥር ግን 413,235 ነበር። ከቤቱ ቁጥር ይልቅ ቤተሰቡ በ16,000 ይበልጣል። እነዚያ 16,000 ቤተሰቦች ደባል ናቸው፤ በሌላ ሰው ጣራ ሥር የየራሳቸውን ድስት የሚጥዱ። ከዚያ ወዲህ አገሪቱ ሌላ ሕዝብ ቆጠራ አላካሄደችም። በቆጠራው ዓመት ደብረ ብርሃን 65,231 ሰው ነበራት። ዩኒቨርሲቲው ሥራ የጀመረው በዚያው 1999 ነው፤ የኢንዱስትሪ ፓርኩ የተመረቀው በ2011። ቢራ ፋብሪካው፣ የውሃ ፋብሪካው፣ ሌላው ሌላው በመካከል መጣ። ከወለጋ የተፈናቀሉ ወገኖችም መጠለያው ከሞላ በኋላ በየሰፈሩ ተከራይተው ገቡ። ያ ሁሉ ሰው ያደረው በአብዛኛው በሰው ግቢ፣ በኪራይ ክፍል ነው።

ጠባሴ አካባቢ አንድ ግቢ ውስጥ ያየሁትን ልንገራችሁ። ከባለቤቶቹ ቤት ጀርባ በአንድ ረድፍ የተሠሩ ስድስት ክፍሎች አሉ፤ ግድግዳቸው ጭቃ፣ ወለላቸው ሊሾ ነው። ከአንዱ ክፍል በር ላይ አራት ጥንድ ጫማ ተደርድሯል፤ ውስጥ ሁለት ፍራሽ ብቻ አለ። አራቱም ልጆች የፋብሪካ ሠራተኞች ናቸው፤ ሁለቱ የቀን ሺፍት፣ ሁለቱ የማታ። አንዷ ከመርሐቤቴ፣ ሁለቱ ከመንዝ፣ አንዷ ከጅሩ መጥታለች። ሲነሱ የሞቀውን ፍራሽ ለሚመጡት ይለቃሉ፤ በደብረ ብርሃን ብርድ ይህ ቀላል ውለታ አይደለም። ምስር፣ ሽሮና ዘይት የሚገዙት በጋራ ነው፤ እንጀራ የምትጋግረው ተራ የደረሳት ናት። ቅዳሜ ከየአገራቸው ስንቅ ሲመጣ የአንዷ በሶ የአራቱም ነው። አንዷ ሲያማት የማታ ሺፍቷን ጓደኛዋ ገብታላት እንደነበረ አጫወተችኝ። ይህ ቤተሰብ ካልተባለ ምን ይባላል? ቅጹ ላይ ግን «ዝምድና የሌላቸው» ነው የሚላቸው፤ ብድር ሲጠይቁም ሆነ የቀበሌ ድጋፍ ሲፈልጉ እያንዳንዷ ለየብቻዋ ናት። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይደነግጋል። ለእነዚህ ልጆች ግን የውሉ ወረቀት ራሱ የለም፤ «ልጄ ሊመጣ ነው፣ በወሩ መጨረሻ ልቀቁ» ከተባሉ ያው መልቀቅ ነው።

ከእነሱም የሚያንሱ አሉ። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያለው በወረዳው ከተማ ስለሆነ በመሐል ሜዳ፣ በሞላሌ፣ በእነዋሪ፣ በዓለም ከተማ የአሥራ አምስትና የአሥራ ስድስት ዓመት ልጆች ሁለት ሦስት ሆነው ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ። ኪራዩ በወላጅ ነው፤ ምግቡ በየሳምንቱ ገበያ በሚላክ ስንቅ ነው። ማታ «ግቡ» የሚላቸው፣ ጠዋት «ተነሱ» የሚላቸው የለም። የሰሜን ሸዋ ልጅ ዛሬ ከወላጁ ቤት የሚወጣው በሠርግ መሆኑ ቀርቷል፤ በስምንተኛ ክፍል ካርድ ነው የሚወጣው። ለሴቶቹ ይህ ነፃነትም ነው ሥጋትም ነው። እዚያ ክፍል ባትገባ ኖሮ ያለ ዕድሜዋ ትዳር ነበር የሚጠብቃት፤ እዚያ ክፍል ውስጥ ደግሞ በሩ ላይ ያለው መቀርቀሪያ አንድ ነው።

መካከለኛው ዕድሜ ላይ ያለው ሰው ቤት አለው፤ ችግሩ ቤቱ ሁለት ቦታ መሆኑ ነው። ሚስት ዓረብ አገር፣ ባል ሸዋ ሮቢት፣ ልጆች ከአያት ጋር። ባል አዲስ አበባ ቀን ሥራ፣ ሚስት መሬቱን ይዛ ጣርማበር። መምህሩ መርሐቤቴ ተመድቦ፣ ነርሷ ሚስቱ ደብረ ብርሃን ዝውውር ስትጠብቅ አራት ዓመት። በአጣዬና በአካባቢው በ2013 ዓ.ም. ቤታቸው የተቃጠለባቸው ደግሞ ዘመድ ቤት ገብተው፣ አንዱ ቤተሰብ በሦስት ቤት ተበትኖ ከርሟል። ስለዚህ ዕድሜ ብዙ መጻፍ ይቻላል፤ እኔን የሚያሳስበኝ ግን የእነሱ መራራቅ የሚወድቀው በማን ላይ ነው የሚለው ነው። የሚወድቀው በአያት ላይ ነው። ስልሳ አምስት ዓመት የሞላቸው ሴት፣ ልጃቸው ቤይሩት ሆና የሦስት ዓመት ሕፃን ሲያሳድጉ፣ ጧሪ ናቸው ወይስ ተጧሪ?

ወደ አረጋውያኑ ስንመጣ የወንድና የሴት ዕጣ ፈጽሞ አይገናኝም። ከላይ ያነሳሁት የጋብቻ ዕድሜ ልዩነት ስድስት ዓመት ተኩል ይሆናል። ባል ይቀድማል፤ ሚስት ትቀራለች። ሚስት የሞተችበት ሽማግሌ ብዙ ሳይቆይ ያገባል፤ ባልቴት ግን ደግማ ማግባቷ ብርቅ ነው። ስለዚህ ሽማግሌው ሲያረጅ አጠገቡ ሚስት አለች፤ ባልቴቷ ስታረጅ አጠገቧ ያለው ባዶ መደብ ነው። በዚህ ላይ ሴት በሬ ጠምዳ አታርስም የሚለው ልማድ አለ። መሬት እያላት ወንድ ካልጠመደላት መሬቷ ጦም ያድራል። ልጇ ቅርብ ከሆነ ያርስላታል፤ ከራቀ ለእኩል አራሽ ትሰጣለች። እኩል አራሹ ቅን ሰው ከሆነ ደግ ነው፤ ካልሆነ አውድማው ላይ ሲካፈሉ ዓይኗ ከደከመ አሮጊት ጋር የሚሰፍረው እሱ ብቻ ነው። ቁና ስንት ጊዜ እንደተሰፈረ የሚቆጥርላት የሚያስፈልጋት ያን ቀን ነው። ገንዘብ የሚልክ ልጅ አዲስ አበባ ቢኖራትም ያን ቀን አይደርስላትም።

እዚህ ላይ አንድ መልካም ነገር ሳልጠቅስ ባልፍ ግፍ ይሆናል። የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር የባልና የሚስት ፎቶ ጎን ለጎን ተለጥፎበት መሰጠቱ ለባልቴት ትልቅ ጋሻ ሆኗታል። ድሮ ባሏ ሲሞት የባሏ ወንድሞች «ልጅሽ ጋ ሂጂ» የሚሏት ሴት ዛሬ በራሷ ቤት፣ በራሷ ደብተር ትቀመጣለች። አክስቴን «ለምን ከልጅዎ ጋር አይጠቃለሉም?» ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። «የሰው ማጀት እያየሁ ምን ልሁን? እዚህ ውሃዬን ባሰኘኝ ሰዓት እጠጣለሁ፤ ሰው ሲመጣ ቡና አፈላለሁ» አሉኝ። አዲስ አበባ ያለችው ልጃቸው አንድ ጊዜ ወስዳቸው ነበር፤ አራተኛ ፎቅ ኮንዶሚኒየም። ወር ሳይሞላቸው ተመለሱ። በረንዳው ላይ ቆመው ቁልቁል ሲያዩ «እንዴት አደራችሁ» የሚሉት ሰው አጡ። ልጅቷ አለቀሰች፤ አልበደለቻቸውም እኮ። ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋዊት ሁሉ የተጣሉ አይደሉም፤ ከልጅ ጋር የሚኖሩ ሁሉም የተጦሩ አይደሉም።

ሌላም መንገድ አለ፤ ቆብ መጫን። ብዙ ባልቴቶች መንኩሰው፣ እማሆይ ተብለው፣ ወይ እዚያው ቤታቸው ይቀመጣሉ፤ ወይ ቤተ ክርስቲያን ጥግ ትንሽ ጎጆ ይቀልሳሉ። ጻድቃኔ ማርያምና ሸንኮራ ዮሐንስ ለጠበል ሄዶ የማያውቅ እንኳ ወሬውን ይሰማል፤ ለሁለት ሱባዔ ሄደው በዚያው የቀሩ አሉ። ይህ እምነት ነው፤ እኔም እንደዚያው አከብረዋለሁ። ግን መኖሪያም ነው። ዕለት ዕለት የሚያያቸው ሰው፣ ጠዋት ካልተነሱ የሚያንኳኳ ጎረቤት ያገኙበታል።

ጧሪው ደግሞ በቁጥር እየቀነሰ ነው። በአማራ ክልል አንዲት ሴት በአማካይ የምትወልዳቸው ልጆች በ1992 ዓ.ም. 5.9 ነበሩ፤ በ2008 ወደ 3.7 ወርደዋል። ለእናቲቱም ለልጆቹም ጤና ይህ ደስ የሚል ነው። ከሦስቱ ልጆች ሁለቱ ርቀው የሄዱ እንደሆነ ግን የቀረው አንዱ ላይ የሚያርፈው ቀንበር ከባድ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ በ60 ዓመቱ ጡረታ ይወጣል፤ ለግል ድርጅት ሠራተኛም ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ አለው። ገበሬ ጡረታ የለውም። ያለው በምግብ እጥረት በተያዙት ወረዳዎች የሴፍቲኔት ቀጥታ ድጋፍ ነው፤ እሱም ጉልበት ለሌለው፣ ደጋፊ ለሌለው ነው። «ደጋፊ አላት ወይስ የላትም?» የሚለው በስብሰባ ሲወሰን፣ ሳዑዲ ያለች ልጅ ስም ይነሳል። ያቺ ልጅ ደመወዟ ተከልክላ ይሁን በሕይወት ትኑር እንኳ የማይታወቅበት ጊዜ አለ።

ሕጉስ ምን ይላል? የፌዴራሉ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456/1997 «የቤተሰብ አባል» የሚለውን ሲተረጉም ከባለይዞታው ጋር በቋሚነት የሚኖርና መተዳደሪያውን የሚጋራ ሰው ይለው ነበር። አዋጁ በ2016 ዓ.ም. በሌላ ተተክቷል፤ ይሁንና ለሃያ ዓመት ያህል አብሮ ማደር በመሬት ውርስ ክርክር ውስጥ የሚጠቀስ ማስረጃ ሆኖ ቆይቷል። የእናቱን መሬት ሃያ ክረምት ያረሰ፣ መቶ እርምጃ ርቆ በራሱ ጎጆ ያደረ ልጅ በዚህ ትርጉም የቤተሰብ አባል አይደለም። የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኑም እንዲሁ ነው። መዋጮው በአባወራና በእማወራ ይሰበሰባል፤ ልጅ 18 ዓመት ከሞላው ተጨማሪ ይከፈልበታል። ብቻቸውን የተመዘገቡት አክስቴ ከልጃቸው ቤት ተለይተው፣ እንደ አንድ ቤት ተቆጥረው፣ መዋጮውን ለአንድ ራሳቸው ይከፍላሉ።

እኔ ቢጠይቁኝ የቀበሌው ቅጽ ላይ ሁለት ጥያቄ እንዲጨመር እፈልጋለሁ፦ ሌሊት ማን አብሮዎት ያድራል? በእግር ሩብ ሰዓት በማይሞላ መንገድ ውስጥ የሚኖር ልጅ ወይም ዘመድ አለዎት? ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤት ለቤት ስትዞር ይህን በአንድ ቀን ታውቀዋለች። እኩል አራሽ ያላት ባልቴት ውሉ በጽሑፍ ሆኖ አውድማው ላይ የዕድሩ ዳኛ እንዲገኝላት ማድረግ በጀት አይጠይቅም። ለመምህርና ለጤና ባለሙያ ባልና ሚስት ዝውውርን ማቃለል የሁለት ቢሮ ስምምነት ነው። ለፋብሪካ ሠራተኛ ልጆች መኖሪያ መሥራት ግን ገንዘብ ይፈልጋል፤ ፓርኩ ሲታቀድ አብሮ መታቀድ ነበረበት፤ አሁንም አልረፈደም። ለጎጆ ወጪው የመሬት ጥያቄ ቀላል መልስ አለኝ ብዬ አልዋሽም። በየወረዳው ከተማ ጥግ አነስተኛ የቤት መሥሪያ ቦታ ለገጠር ወጣት ጥንዶች ቢሰጥ፣ ከወላጅ ሳይርቁ የራሳቸው ምጣድ ይኖራቸው ነበር።

የአክስቴ የልጅ ልጅ ዘንድሮ ሦስተኛ ክፍል ናት። ትምህርቷን ትወዳለች፤ አያቷም ማታ በሶላር መብራቱ ስታነብ አጠገቧ ተቀምጠው ጥጥ ይፈትላሉ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ እሷም መሐል ሜዳ ክፍል ተከራይታ፣ ስንቅ እየተላከላት ትማራለች። ከእሷ በታች ያለው ወንድሟ አራት ዓመቱ ነው። ባለፈው ጥምቀት ስሄድ እናቱ ማታ ማታ ከእህቱ ጋር አብሮ እንዲላክ ማለማመድ ጀምራለች።